ገባር ማብዛትና ባሕር መሻገር፦ ስለ «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4»

ሂሩት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርእሳችን የስቶክሆልሙ ኩባንያ ፓራዶክስ በ2013 ያወጣው የኮምፒውተር ጨዋታ «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» ነው። ስለ ውጊያው ሌላ ጊዜ ተናግረናል፤ ዛሬ የምናነሣው ገባር አገሮችን ማስተዳደርንና አዲስ ምድር ማሰስን ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን። ዳዊት፣ ጨዋታውን ከፍቶ ለማያውቅ ሰው ከየት እንጀምር?

ዳዊት፦ ከቀኑ። ጨዋታው የሚከፈተው ኖቬምበር 11 ቀን 1444 ነው፤ የፖላንድና የሃንጋሪ ንጉሥ ቫርና ላይ ከኦቶማኖች ጋር ሲዋጋ በወደቀ ማግስት። ተጫዋቹ አንድ አገር መርጦ እስከ 1821 ያስተዳድራል። ብዙ ጀማሪ ፈረንሳይን ይመርጣል፤ ትልቅና ብርቱ ናትና።

ሂሩት፦ ግን ግማሽ ጉልበቷ የሌሎች ነው። ኦርሌያን፣ ቡርቦኔ፣ አርማኛክ የየራሳቸው ገዢና የየራሳቸው ጦር ያላቸው ገባሮች ናቸው። ንጉሡ ሲዘምት አብረው ይዘምታሉ፤ እስከፈለጉ ድረስ።

ዳዊት፦ ይህን «እስከፈለጉ ድረስ» የምትይውን ጨዋታው በቁጥር ያስቀምጠዋል። እያንዳንዱ ገባር የነጻነት ፍላጎት የሚባል መለኪያ አለው። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ታማኝ ነው። 50 ከደረሰ በጌታው ጦርነት እጁን ያጣጥፋል፣ መጠቅለልን (በጌታው ግዛት ውስጥ መዋሐድን) እንቢ ይላል፣ ከውጭ የሚደግፈው መንግሥት ይፈልጋል። እኔ በጨዋታው ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ከግምጃ ቤቱ በፊት የማየው ይህንን ነው።

ሂሩት፦ ስሌቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ተጫዋቹ ገባሮቹን አንድ በአንድ ያያቸዋል፦ «ይህ ትንሽ ነው፣ ያም ትንሽ ነው፣ ማን ይነካኛል?» ይላል። ጨዋታው ግን የገባሮቹን ጉልበት ይደምራል። ድምሩ ከጌታው ጉልበት ጋር መቀራረብ ሲጀምር የሁሉም የነጻነት ፍላጎት አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ጦርነት ተሸንፈህ ሠራዊትህ ሲሳሳ ገባሮችህ ምንም ሳያደርጉ ይበረታሉ። አንዱ ለነጻነት ሲነሣ ያኮረፉት ሌሎቹም ይከተሉታል።

ዳዊት፦ በእውነተኛው ታሪክ የተከሰተው ይኸው ነው። በ1580 የስፔኑ ፌሊፔ 2ኛ የፖርቱጋልን ዘውድ ያዘ። ሁለት መንግሥት፣ አንድ ንጉሥ፤ ጨዋታውም ይህን የዘውድ ኅብረት ራሱን የቻለ የገባርነት ዓይነት አድርጎ ይዞታል። መጀመሪያ ላይ ሰመረ። ፖርቱጋል ሕጓንም ሹማምንቷንም ጠብቃ ቆየች። ከዚያ ጦርነቱ በዛ፣ ዕዳው በዛ። በ1620ዎቹ የንጉሡ ዋና ሹም ኦሊቫሬስ እያንዳንዱ የንጉሡ ግዛት የድርሻውን ወታደር ያዋጣ ብሎ በድምሩ የ140,000 ሰው ሠራዊት አቀደ።

ሂሩት፦ በ1635 ደግሞ ፈረንሳይ በግልጽ ጦርነት ገባች። በ1640 ክረምቱ ሳይመጣ ካታሎኒያ አመፀች፤ ባርሴሎና ውስጥ የንጉሡ እንደራሴ ተገደለ። ማድሪድ ምን አደረገች? የፖርቱጋልን መኳንንት ካታሎኒያን ለማስገበር ዝመቱ አለቻቸው። ያኮረፈን ገባር በሌላ ያኮረፈ ገባር ላይ ማዝመት! በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ሊዝበን ውስጥ የብራጋንዛው መስፍን ንጉሥ ተብሎ ታወጀ። ስፔን የፖርቱጋልን ነጻነት ተቀብላ የፈረመችው በ1668 ነው። ከጎረቤት የተከፈተ ጦርነት፣ የሳሳ ሠራዊት፣ አብረው የተቆጡ ሁለት ግዛቶች፣ ከውጭ የቆመ ደጋፊ። ጨዋታው ላይ የነጻነት ፍላጎትን የሚያሳየውን መስኮት ብትከፍት እነዚህኑ ምክንያቶች ተራ በተራ ተጽፈው ታገኛቸዋለህ።

ዳዊት፦ መፍትሔውስ? መሣሪያዎቹ ብዙ ናቸው። መልእክተኛ ልኮ ግንኙነት ማሻሻል፣ የገባሩን ዕዳ መክፈል፣ ጨዋታው ክብር ብሎ የሚቆጥረውን ነጥብ አውጥቶ ገዢውን ማባበል፣ በገባሩ መሬት ላይ ልማት መሥራት። አጥብቄ የምመክረው ግን ጥቂት ገባር መያዝንና እነሱን በደንብ ማጎልበትን ነው። የቀድሞ መሬቱን የተነጠቀ ትንሽ አገር ካስገበርክ የጠፋበትን ለማስመለስ ብለህ ትዋጋለህ፤ በራስህ ስም ብትወርር ከሚነሣብህ ይልቅ የጎረቤቶች ቁጣ ይቀንሳል፣ አዲሱን ግዛት የማዋሐዱም ጣጣ የእሱ ይሆናል።

ሂሩት፦ ከዚያ ትጠቀልለዋለህ።

ዳዊት፦ ቸኩዬ አይደለም። ቢያንስ 10 ዓመት በገባርነት መቆየት አለበት፣ ጨዋታው በነጥብ የሚለካው ስለ አንተ ያለው አመለካከት 190 መድረስ አለበት፣ ብዙ የዲፕሎማሲ ነጥብም ይበላል። በዚያ ላይ አንዱ ሲጠቀለል ሌሎቹ ያያሉ፤ ቅር ይሰኛሉም። ተከታትለው የሚጠቀልሉ ተጫዋቾች የቀሩትን ገባሮች ሆድ ማስባሳቸውን ይዘነጋሉ።

ሂሩት፦ ወደ ባሕሩ እንሂድ። ፖርቱጋል በ1444 የሰሜን አፍሪካዋን ወደብ ሴውታን ከያዘች 29 ዓመት ሆኗታል። ከፊቷ ያለው ካርታ በአብዛኛው ነጭ ነው፤ ያልታወቀ ምድር። ጨዋታው «ሐሳብ» ከሚላቸው የአገር ማሻሻያ ምርጫዎች የአሰሳን መርጠህ አሳሽ መቅጠር ትችላለህ፤ መርከቦቹ ከባሕር ዳርቻ በራቁ ቁጥር ግን እየተጎዱ ይሄዳሉ።

ዳዊት፦ ማየትና መድረስም ይለያያሉ። የቅኝ ግዛት ርቀት የሚባል ገደብ አለ፤ ከወደቦችህ የተወሰነ ርቀት አልፈህ ሰው ማስፈር አትችልም። ለዚህ ነው ትናንሽ ደሴቶች ከትልልቅ አገሮች በላይ ዋጋ የሚያወጡት። በታሪክም ማዴይራና አዞሬስ፣ ከ1460ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ኬፕ ቨርዴ፣ ለፖርቱጋል መርከቦች መሸጋገሪያ ነበሩ። ሰፋሪው 1,000 ሲሞላ ስፍራው ሙሉ ግዛት ይሆናል፤ ባሕር ማዶ በአንድ ክልል አምስት ግዛት ሲሟላ ደግሞ የራሱ መንግሥት ያለው ቅኝ አገር ይወለዳል።

ሂሩት፦ እዚህ ላይ ነው ከጨዋታው ጋር የምጣላው። ያ ነጭ ካርታ እውቀትን የመርከብና የጦር ንብረት ያደርገዋል። የእኛን አገር ውሰድ። ጨዋታው ሲጀምር ኢትዮጵያን የሚያስተዳድሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም ገዳም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኝተዋል። ማንም መርከብ አላገኛቸውም፤ በራሳቸው እግር ሄደው የመጡበትን አገር ተናገሩ። በኋላም መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩት እቴጌ እሌኒ ናቸው። መልእክተኛው ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ የፖርቱጋል ልዑካን ምጽዋ የወረዱት በ1520 ነው። መነኩሴ፣ ነጋዴ፣ ተሳላሚ ካርታ ሲገልጥ የሚያሳይ ነገር በጨዋታው ውስጥ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

ዳዊት፦ ካርታ መለዋወጥና በሰላይ ማሰረቅ ይቻላል፤ ሁለቱም ግን በመንግሥታት መካከል ናቸው። ሐሳብሽን እቀበላለሁ። እሌኒን ካነሣሽ ዘንዳ የሐድያው ገዢ ልጅ ነበሩ። የገባር ግዛት ልጅ ቤተ መንግሥት ገብታ፣ ከአንድ ንጉሠ ነገሥት በላይ ዘልቃ፣ አገሪቱን ከባሕር ማዶ ኃይል ጋር አገናኘች። ገባርና አሰሳ በአንድ ሰው ሕይወት ተገናኙ።

ሂሩት፦ በኢትዮጵያ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ትልቅ ውሳኔ አዳል ነው። በታሪክ የአዳሉ ሱልጣን በድላይ ከዘርዓ ያዕቆብ ጋር ሲዋጋ የወደቀው በ1445 ነው፤ ጨዋታው በተከፈተ በዓመቱ። አንተ ብትሆን ትይዘዋለህ ወይስ ታስገብረዋለህ?

ዳዊት፦ ወደቦቹን እይዛለሁ፤ የቀረውን አስገብራለሁ። ወደብ ከሌለ አሰሳ የለም። ሙሉውን ከያዝኩ ደግሞ አመፅ ሳበርድ አሥርታት ያልፋሉ።

ሂሩት፦ እኔ ሌላ ገባር እስካልጨመርኩ ድረስ ነው የማስገብረው። የመጨረሻ ጥያቄ፤ የአሜሪካ ቅኝ አገር ከያዝክ ቀረጡን ትጨምራለህ?

ዳዊት፦ ቀረጥ በተጨመረ ቁጥር የነጻነት ፍላጎቱ ይወጣል። ብሪታንያ በ1763 ከሰባቱ ዓመታት ጦርነት በዕዳ ተጭና ወጣች፣ በ1765 የቴምብር ቀረጥ ጣለች፣ በ1778 ፈረንሳይ ከአማፂዎቹ ጋር ተዋዋለች። ስለዚህ ጠላት ጎረቤት ካለኝ ዝቅ አድርጌ እተወዋለሁ፤ ቅኝ አገሩ በንግድ የሚልክልኝ ይበቃኛል።

ሂሩት፦ እኔ በሰላሙ ዘመን እጨምራለሁ፤ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት መልሼ አወርዳለሁ። የንግዱን መስመር ካነሣህ ግን ራሱን የቻለ ሰዓት ይፈልጋል። በሚቀጥለው ክፍል ከሴቪልና ከዛንዚባር የንግድ ማዕከላት እንጀምራለን።