የጋሼ ማተብ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ ነበረችኝ፣ ደውዬ ለሌላ ሳምንት አደረግነው። አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎኛል፣ እሱን ሳልናገር ስለ ሌላ ጉዳይ ባወራ ውሸት ይሆንብኛል። የጎረቤት ዶሮ መሀል ላይ ከገባ ታውቁታላችሁ፣ የቤት ሰው ነው።

የምጽፈውን ልብ ወለድ ምዕራፍ ሰባት ታስታውሳላችሁ አይደል? የጎታው ምዕራፍ። ክረምቱን ሙሉ ያስለቀሰኝ፣ ሲያልቅ እዚሁ ማይክ ፊት እልል ያልኩለት። አልቋል ብያችሁ ነበር። አሁን እንጃ።

ምን ሆነ መሰላችሁ። የካቲት 12 እትዬ ቤት ነበርኩ። ቡና ተፈልቷል። ቴሌቪዥኑ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ያሳያል፣ ድምፁ ግን ተዘግቷል። ትንሹ ልጅ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ ሰባት ዓመቱ ነው፣ «ለምንድነው አበባ የሚያስቀምጡት?» አለ። እትዬ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። እና ጀመሩ።

«ወንድሜ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ጣልያን በየቤቱ እየገባ ሰው ሲፈጅ፣ እናቴ ብድግ አድርጋ ጎታ ውስጥ ከተተችው። እንዳያለቅስባት ደግሞ፣ ማተብህን ነክሰህ ዝም በል አለችው። ነከሰ። ዝም አለ።»

እኔ ስኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቡናው ቀዘቀዘ።

ምክንያቱም… ማተቡ የኔ ነው። «ማተብህን ነክሰህ ዝም በል» የሚለውን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሰኔ ላይ፣ ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ። ነሐሴ ላይ ደግሞ፣ ዐይናቸው ስለደከመ፣ ምዕራፉን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሲያልቅ «ጎሽ፣ ልጄ» አሉ፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔም ወደዱት ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። እኛ ቤት ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። «እናቴ ወንድሜን ጎታ ውስጥ ደብቃ አተረፈችው። እግዜር ይመስገን።» በቃ። እትዬ ራሳቸው የተወለዱት ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው፣ ከእናታቸው የሰሙትን ነው የሚያወሩት፣ እናታቸው ደግሞ ከዚህ በላይ አላወሩም። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ሁልጊዜም አንድ ጥያቄ ይቀረኝ ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ደጅ ሰው እየጮኸ፣ ቤት እየነደደ፣ እንዴት ዝም ይላል? መጽሐፉን ያስጀመረኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ስንት ነገር ሞክሬ ጣልኩ። ማር የነካ ጨርቅ አፉ ውስጥ አደረግሁ፣ አላመንኩትም፣ ያን ሰዓት ማር ፍለጋ ማን ይሄዳል። የእናቱን እጅ አፉ ላይ አደረግሁ፣ አልሆነም፣ እሷ ውጪ መቆም አለባት፣ በሩ ላይ። ከዚያ ያን ሌሊት በጨለማ ተቀምጬ፣ እጄ ሳላውቀው አንገቴ ላይ ሄዶ ማተቤን ሲነካካ አገኘሁት። እና መጣ። የጻፍኩት ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ነው።

የቀኑን ነገር ታውቁታላችሁ። ግራዚያኒ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሰው ሰብስቧል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ ሦስት ቀን ነው የከተማው ሰው የታረደው፣ የሳር ክዳን ቤቶች ቤንዚን እየተርከፈከፈባቸው የተቃጠሉት። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ነው። 30 ሺህን እኔ አላውቀውም። እውነቴን ነው። ቁጥሩን አነባለሁ፣ አዝናለሁ፣ ገጹን እገልጣለሁ። ጎታ ውስጥ ያለውን አንዱን ልጅ ግን ትንፋሹን እሰማዋለሁ። ታሪካዊ ልብ ወለድ የማነበውም የምጽፈውም ለዚህ ነው፣ ሌላ ምክንያት ሲጠይቁኝ የምመልሰው ሁሉ ለወጉ ነው።

ቆይ፣ ስለ ዓርቡ ነግሬያችኋለሁ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓርብ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ እናትየዋ ድስት ውስጥ ቅቤ የገባበት ቂንጬ ነበር። በዓርብ! ሳገኘው ደነገጥኩ። ከዚያ የጾሙን ነገር ሁሉ ላጣራ ብዬ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ስሌቱን፣ ይዤ ተቀመጥኩ። የዓመቱ መጥቅዕ፣ ስሌቱ የሚነሳበት ቁጥር፣ 12 ነው። ጥቅምት 12 ሐሙስ ይውላል፣ የሐሙስ ተውሳክ፣ ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር ማለት ነው፣ 3፣ ድምሩ 15። ነነዌ የገባው የካቲት 15፣ ሰኞ። ይገባችኋል? ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ ከተማው ነደደ። ሰኞ የነነዌ ጾም ገባ። ከተማ ከጥፋት የዳነችበት ጾም። ከቃጠሎው የተረፈ ሰው አመድ ላይ ቆሞ ነነዌን ጾመ። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ቁጥሩ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ያን ቀን ደግሞ ምንም መጻፍ አልቻልኩም።

እና ይኸውላችሁ። ነነዌን አልፈጠርኩትም። ማተቡን ፈጠርኩት። ምዕራፉ ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ድምፅ። አንባቢ የቱን ከየቱ ይለያል? እኔስ ስሆን፣ የሰው መጽሐፍ ሳነብ፣ ለይቼ አውቃለሁ? ዐፄ ቴዎድሮስን በመጀመሪያ የማውቃቸው በልብ ወለድና በቴአትር ነው። የታሪክ መጽሐፍ የመጣው ኋላ ነው። መቅደላ ላይ በ1860 የሆነውን ሳስብ ዛሬም የሚታየኝ ደራሲ የሳለልኝ ፊት ነው። ያንን ፊት አውጥቼ መጣል አልችልም። ደግሞ አልፈልግም።

የአንቱታውም ነገር አለ፣ ይህን ከዚህ በፊት አንስቼዋለሁ መሰለኝ። ታሪክ ጸሐፊ «ንጉሡ አሰቡ» ይላል፣ ያልፋል። ልብ ወለድ ግን ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ይገባል፣ «አሰቡ» እያልክ የሰው ፍርሃት ውስጥ መግባት ከባድ ነው። «አሰበ» ስትል ደግሞ የሆነ ክብር ከእጅህ ወድቆ ይሰበራል። ጋሼን፣ የእትዬን ወንድም፣ በሕይወቴ አንተ ብያቸው አላውቅም። ምዕራፍ ሰባትን ስጀምር «ጋሼ ጎታ ውስጥ አለቀሱ» ብዬ ጽፌያለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ «አለቀሱ»! ሦስት ቀን ፈጀብኝ «አለቀሰ» ለማለት። ስጽፈው ልክ ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ የምጠይቅ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልጅ ሆኑልኝ። ሆነልኝ። በቃ፣ ልጁ የኔ ሆነ።

የኔ ሆነ… እንግዲህ ችግሩ ይሄ ይሆን?

እትዬ ያን ቀን እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ያነበብኩላቸውን ከእናታቸው ከሰሙት ጋር ቀላቀሉት፣ ዕድሜ ነው፣ እል ነበር። አላቆሙም። ልጁን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉትና የሱን ማተብ በሁለት ጣታቸው ያዙ። ቀስ ብለው ክሩን እያሹ ቀጠሉ።

«ጥቁር ማተብ ነበር። ጫፉ ተበልቶ አልቋል። ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ ጭንቅ ሲመጣበት ይነክሰው ነበር። እናቴ ታዲያ፣ ተው አንተ ልጅ፣ ጣልያን ወጥቷል፣ ትለው ነበር።»

ይሄ የኔ አይደለም። ምዕራፉ ውስጥ የለም። ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ የለም። ቤት ገብቼ የጻፍኩትን ሁሉ አገላበጥኩ፣ የሰረዝኩትን ሳይቀር። «ተው፣ ጣልያን ወጥቷል» የሚል የለም። እንደዚህ ያለ ነገር እኔ አልጽፍም፣ አልችልበትም፣ ይህ የሰው አፍ ነው፣ ልጇን ሁለት ጊዜ ያተረፈች የእናት አፍ።

ታዲያ ከየት መጣ? አንድም እትዬ የኔን ማተብ ተቀብለው ራሳቸው አሳደጉት፣ ልክ እኔ የሳቸውን ጎታ ተቀብዬ እንዳሳደግኩት። አንድም እውነት ነበረ፣ ተረስቶ ነበረ፣ ሳነብላቸው ተቀሰቀሰ። አንድም ደግሞ… ይህን ለመናገር እፈራለሁ… ጋሼ ሲሞቱ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጭናቸው ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። ምናልባት አይቼ ነበር። ምናልባት ያን ሌሊት እጄ አንገቴ ላይ የሄደው እንዲሁ አልነበረም። ፎቶ ፈለግሁ። ያለን አንድ ነው። ጋቢ ደርበዋል፣ ኮሌታቸው እስከ ላይ ተቆልፏል። አንገታቸው አይታይም።

በመጀመሪያው ቀን አፈርኩ። የቤተሰቤን ትዝታ የበከልኩ መሰለኝ። በማግስቱ ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁ። በዚያች ዓረፍተ ነገር ቀናሁ። መጽሐፌ ውስጥ ላስገባት ፈልጌ ኮምፒውተሬን ከፍቼ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከዚያ ዘጋሁት። የሳቸው ከሆነች የሳቸው ናት። የኔ ፈጠራ የወለዳት ከሆነች ደግሞ… እንጃ፣ አላውቅም፣ ስሟ ምን ይባላል?

ከእትዬ ጋር ቁጭ ብዬ «እትዬ፣ ማተቡን እኔ ፈጥሬው እኮ ነው» ልላቸው እችላለሁ። ይህን ሁለቴ ተለማምጄዋለሁ። ከዚያ ፊታቸው ይመጣብኛል። የወንድማቸው ጥርስ የበላውን ክር በጣታቸው ሲያሹ። ያንን ከሳቸው ላይ የምወስደው በየትኛው ሥልጣን ነው? ግን ደግሞ ዝም ካልኩ፣ ያ ልጅ…

ያ ልጅ። ትናንት እናቱ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ስትፈልግ ቆይታ ስትመለስ፣ አልጋው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ማተቡን ነክሶ አገኘችው። «ምን እያደረግህ ነው?» ስትለው እጁን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አላት። እሷ እየሳቀች ነው የምትናገረው፣ ደስ ብሏት። እኔ አራት ጊዜ ሰማሁት።

እስካሁን አልመለስኩላትም። ቅዳሜ እትዬ ጋ እሄዳለሁ፣ ምዕራፉን ይዤ ልሂድ ወይስ ባዶ እጄን… ቡናው ሲፈላ አየዋለሁ። እሳቸው ቀድመው ካነሱት…