መነጽሩ ሲወልቅ፦ ሁለቱ ማንነቶች በአንድ ተዋናይ ገላ

የተከበራችሁ የትወና ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሱፐርማን የሚባለው የፊልምና የሥዕል መጽሐፍ ጀግና ኃይሉን ደብቆ፣ መነጽር አድርጎ፣ ክላርክ ኬንት የሚባል ጋዜጠኛ ሆኖ ይኖራል። «ሱፐርማንን ከክላርክ ኬንት የሚለየው መነጽር ብቻ ከሆነ፣ አብረውት የሚውሉት ሰዎች እንዴት አያውቁትም?» የሚል ጥያቄ አለ። ብዙ ሰው ለጨዋታ ያህል ያነሳዋል። እኛ ግን እንደ ሙያ ጥያቄ እንድትይዙት እንፈልጋለን፤ መልሱ ያለው የተዋናዩ ገላ ላይ ነውና።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ተመልካቹ ምሥጢሩን ከመነሻው ያውቃል፤ እሱን ለማታለል አትልፉ። የናንተ ሥራ ተመልካቹን «እነዚህ ሰዎች ባያውቁት አይፈረድባቸውም» ማሰኘት ነው።

ሪቻርድ ዶነር ያዘጋጀውን የ1978ቱን «ሱፐርማን» እንውሰድ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠራው)። ሁለቱንም ማንነቶች የተጫወተው ክሪስቶፈር ሪቭ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ አይደበቅም። አንድ ትዕይንት አለ፦ የክላርክ የሥራ ባልደረባ ጋዜጠኛዋ ሎይስ ሌን ከሱፐርማን ጋር በሰማይ በርራ መመለሷ ነው፤ ክላርክ ደግሞ ይዟት ሊወጣ ቤቷ መጥቷል። እሷ ወደ ውስጥ ገባ ስትል ብቻውን ይቀራል። እውነቱን ሊነግራት ይቆርጣል። መነጽሩን ያወልቃል። አከርካሪው ቀጥ ይላል፣ ትከሻው ይከፈታል፣ አንገቱ ይመዘዛል፣ ስሟን ሲጠራ ድምፁ ከደረቱ ወፍሮ ይወጣል። ልብሱ ያው ኮትና ከረባት ነው። ወዲያው ድፍረቱ ይከዳዋል፤ ትከሻው ይወድቃል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ መነጽሩ ይመለሳል። ያለቀው በጥቂት ሰከንዶች ነው።

ይህን ትዕይንት ድምፁን ዘግታችሁ ደጋግማችሁ እዩት። ፊቱን በእጃችሁ ጋርዱት፤ ለውጡ አሁንም ይታያል። ፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከራቅ ካለ ካሜራ ማን ያየው ነበር?

ልምምዱን ከጀግናው ጀምሩ። ክላርክ ከጀግናው ላይ ተቀንሶ የሚገኝ ሰው ስለሆነ፣ የሚቀነስለት ሙሉ ነገር አስቀድሞ መኖር አለበት። ባዶ እግራችሁን ቁሙ፤ ክብደታችሁ በሁለቱም እግር እኩል ይረፍ፣ ጉልበት አይቆለፍ፣ እስትንፋስ ወደ ታችኛው ጎድን ይውረድ። በዚህ አቋም አሥር ጊዜ በዝግታ ተንፍሱ። ከዚያ አንድ በአንድ ቀንሱ፦ ደረት ትንሽ ይስመጥ፤ ክብደት ወደ አንድ ተረከዝ ይሂድ፤ እስትንፋስ ወደ ላይኛው ደረት ይውጣ። እስትንፋሱ ሲያጥር ዓረፍተ ነገሩም ያጥራል፣ ድምፁም በራሱ ይቀጥናል። ስለዚህ «ቀጭን ድምፅ» ለብቻው መፈለግ አያስፈልጋችሁም። መጨረሻ ላይ ዓይን፦ ጀግናው የሚያነጋግረውን ሰው ረጋ ብሎ ያያል፤ ክላርክ አይቶ ቶሎ ወደ እጁ ይመለሳል።

አከርካሪ፣ እስትንፋስ፣ ዓይን፤ ሦስቱ ይበቃሉ። ጀማሪ ተዋናይ የሚሰናከለው ስምንት ነገር ባንዴ ሲለውጥ ነው። ይንተባተባል፣ መነጽሩን በየደቂቃው ይገፋል፣ ይደናቀፋል፣ ወረቀት ይበትናል። ያኔ ተመልካቹ የሚያየው የክላርክን ድብቅነት ሳይሆን የተዋናዩን ልፋት ነው። ሪቭ ክላርክን ሲቀርጽ መነሻ ያደረገው የሆሊውዱ ተዋናይ ኬሪ ግራንት በ1938 ኮሜዲ የተጫወተውን መነጽራም ሳይንቲስት እንደሆነ ተናግሯል። የዚያ ሰው መደነባበር ከሞኝነት የመጣ አይደለም፤ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። መደናቀፍ ምክንያት ሲኖረው ይታመናል።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። ሁለት ማንነት የምንለው ነገር በአብዛኛው ሦስት ነው። ሀብታሙ ብሩስ ዌይን በድብቅ ጭንብል ለብሶ ወንጀልን የሚዋጋ ባትማን የሚባል ጀግና ነው። ክርስቲያን ቤል በ2005 ፊልም እሱን ሲሠራ ጭንብል የለበሰው አለ፣ ጋዜጣ ላይ የሚታየው ቅንጡ ሀብታም ብሩስ አለ፣ ከአሳዳጊው ከአልፍሬድ ጋር ብቻውን ሲሆን የሚታየው ያዘነ ልጅም አለ። የልደት ግብዣውን ትዕይንት ተመልከቱ። ጠላቶቹ ቤቱ ገብተዋል፤ እንግዶቹን ማስወጣት አለበት። ሰክሬአለሁ ብሎ ይሰድባቸዋል። እንግዶቹ የሚያዩት ባለጌ ሰካራም ነው፤ እኛ የምናየው ስሙን አጥፍቶ ነፍስ የሚያድን ሰው ነው። ሦስተኛው ሰው ባይሠራ ኖሮ ትዕይንቱ ተራ ስድብ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከልምምድ በፊት ከአዘጋጁ ጋር ቁጭ ብላችሁ «በሩ ተዘግቶ ብቻውን ሲቀር ማን ነው?» የሚለውን ቁረጡ። ሁለቱም ጭንብሎች የሚሰፉት በእሱ ልክ ነው።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ጉዳይ ቶሎ ይረዳዋል። ሰምና ወርቅ ተለያይተው ሲቀመጡ ቅኔ አይሆኑም፤ ሁለቱን በአንድ የሚይዝ ኅብረ ቃል ያስፈልጋል። ተዋናይም ኅብረ ቃል የሚሆን ድርጊት ይፈልግ። በዚያው በ1978ቱ ፊልም ዘራፊ ሲተኩስ ክላርክ ጥይቱን በእጁ ይቀልብና ራሱን የሳተ መስሎ ይወድቃል። ለሎይስ መውደቁ ፍርሃት ነው፤ ለእኛ ጨዋነት ነው። ተነስቶ መዳፉን ሲከፍት ጥይቱን እናያለን።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። በ1940 በተጀመረው የሱፐርማን የሬዲዮ ድራማ ተዋናዩ ባድ ኮሊየር ምስል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ድምፁን ከክላርክ ወደ ሱፐርማን አውርዶ ነው ለውጡን ያሰማው። በ1992 በጀመረው የባትማን ካርቱን ኬቨን ኮንሮይም ለብሩስና ለባትማን ሁለት ድምፅ ሰጥቷል፤ የባትማኑ ዝቅ ያለ ነው እንጂ የታነቀ አይደለም። በ2008ቱ የባትማን ፊልም የቤል ሻካራ ድምፅ ግን «ቃሉ አይሰማም» የሚል ቅሬታ አስነስቷል። ጉሮሮን ጨምቆ ማጎርነን ተነባቢዎችን ይውጣል፤ ለስሜት ቦታ አይተውም፤ በየቀረጻው ሲደጋገም ደግሞ የድምፅ አውታርን ያቆስላል። ጀግናው በዝግታና በትንሽ ቃል ይናገር። ዝግታው ራሱ ያወፍረዋል።

ጭንብል የላይኛውን ፊት ሲሸፍን አፍ፣ አገጭና አንገት ሥራውን ይረከባሉ። የልብሱ ችግርም ሊጠቅም ይችላል፦ በ1989 ማይክል ኪተን የለበሰው የባትማን ጭንብል አንገት አያዞርም ነበር፤ ስለዚህ ከወገብ በላይ በሙሉ ይዞራል። ያ እንቅስቃሴ የገፀ ባሕርዩ ግርማ ሆነ። እውነተኛውን አልባሳት ቢያንስ ለመጨረሻዎቹ ልምምዶች ጠይቁ፤ በቀረጻው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ልብሱ ላይ ነው።

ፊልም በቅደም ተከተል አይቀረጽም። ጠዋት ካባ፣ ከሰዓት ኮት ሊሆን ይችላል። ስክሪፕታችሁን በሁለት ቀለም አስምሩ፣ ሁለቱ የሚደራረቡበትን መስመር በሦስተኛ ቀለም። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት «ክብደቴ የት ነው?» ብላችሁ እግራችሁን ጠይቁ።

የፊት ለፊቱን ተዋናይም አትርሱ። ምሥጢሩ የሚጠበቀው ሎይስ ስለማታየው ነው፤ ላለማየቷም ምክንያት ያስፈልጋታል፤ የሚያስቸኩል ሥራ፣ የሚጻፍ ዜና፣ ወይም ሌላ ሰው መውደዷ።

በመጨረሻ፣ እንዲህ ያለውን ፊልም በአማርኛ ድምፅ ለምትተረጉሙ። ቋንቋችን እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ ሰጥቶናል፦ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ»። ክላርክ ሎይስን «እርስዎ» ይበላት፤ እሷ «አንተ» ትበለው። ሱፐርማንን ደግሞ መጀመሪያ ስትጠይቀው «እርስዎ» ትበል። እንግዲህ ያንን የቤቷን ትዕይንት አስቡት። መነጽሩ ሲወልቅ፣ አከርካሪው ሲቀና፣ «አንቺ» ብሎ ይጀምራል። ድፍረቱ ሲከዳው «እርስዎ» ይመለሳል።

አሁን ጫማችሁን አውልቁና ተነሱ፤ ከእግር እንጀምራለን።