ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የድሮው ሄክትስ

(ምስል፦ የፌንተንና የኤልስዎርዝ መንገድ ማዕዘን። ሰው የገዛውን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲወጣ።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! እዚህ ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ ይሄን ሕንፃ ታውቁታላችሁ። ሮስና ማርሻልስ ያሉበት ነው። ስሙ ኤልስዎርዝ ፕሌስ ይባላል። ትንሽ ቆየት ያለ ሰው ሲቲ ፕሌስ ይለዋል። ከዚያም የቆየ አለ፣ እሱ ደግሞ ድሮ እዚህ በነበረው ትልቅ ሱቅ ስም ሄክትስ ይለዋል። ሄክትስ ከዚህ ከወጣ ከ1987 ጀምሮ ቆጥሩት። ያም ሆኖ "ሄክትስ ጋ ጠብቂኝ" ቢሏችሁ አትደነቁ፤ ሰንጋ ተራስ ዛሬ ማን ሰንጋ ይሸጣል?

በነገራችን ላይ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። እየቀየራችሁ እንዳትደክሙ።

የዛሬው ቪዲዮ ስለዚህ ሱቅና በዲሲ ዙሪያ ስለነበሩት ቅርንጫፎቹ ነው። የድሮ ሱቅ ናፍቆት ላወራላችሁ አይደለም፤ ናፍቆቱን የሚሠሩት ብዙ አሉ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ስለ ሄክትስ ሦስት ሰው ብትጠይቁ ሦስት የተለያየ ሱቅ ነው የሚነግሯችሁ።

(ምስል፦ የድሮ የዲሲ ካርታ። 7ኛው መንገድና ኤፍ መንገድ ይደምቃሉ።)

ነገሩ የሚጀምረው ባልቲሞር ነው። ሳሙኤል ሄክት የተባለ፣ ከጀርመን የመጣ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ፣ በ1857 ያገለገለ የቤት ዕቃ መሸጥ ጀመረ። ቤተሰቡ በ1896 ዲሲ ገባና 7ኛው መንገድ ላይ ሱቅ ከፈተ። በ1925 ደግሞ 7ኛውና ኤፍ መንገድ የሚገናኙበት ላይ ትልቁን ሕንፃ አቆመ።

ያኔ ኤፍ መንገድ ማለት የከተማዋ ገበያ ማለት ነው። 14ኛው ላይ ጋርፊንክል ነበር፣ የሀብታም ሱቅ። 11ኛው ላይ ዉድዋርድ ኤንድ ሎትሮፕ፣ ሰው አሳጥሮ ዉዲስ የሚለው፣ ለደህና ቤተሰብ። ሄክትስ ደሞዙን ጠብቆ ለሚገዛ ሰው ነው። ያደጉበት ነጭ አዛውንቶች ሲያወሩ የሚመጣባቸው የገና ሰሞን ነው። ካፖርት ለብሰው፣ የእናታቸውን እጅ ይዘው፣ በመስኮቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን አሻንጉሊቶች ማየት። ደስ ይላል፣ እውነትም ነው።

አሁን አንድ ጥቁር የዲሲ ተወላጅ ጠይቁ።

ጥቁር ሰው ሄክትስ ገብቶ መግዛት ይችል ነበር። ገንዘቡን ማንም አይመልስበትም። ግን ሲገዛ ውሎ ደክሞት፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ካለው የምሳ ባንኮኒ ቁጭ ብዬ ሳንድዊች ልብላ ካለ የለም ነው መልሱ። ሸሚዙን ትገዛለህ፣ ወንበሩ ግን ያንተ አይደለም። የአገሪቱ ዋና ከተማ ውስጥ፣ ከኮንግረሱ በእግር የሚደረስ ቦታ ላይ ነው ይሄ የሚሆነው።

ይሄን እንቢ ካሉት አንዷ ጥቁር አሜሪካዊቷ የመብት ታጋይ ሜሪ ቸርች ቴሬል ናቸው። የተወለዱት በ1863 ነው፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሳያልቅ። በ1951፣ በ87 ዓመታቸው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ሄክትስ ደጃፍ ከሰልፈኛው ጋር ይቆሙ ነበር። የያዙት ክርክር ደግሞ ለጉድ ነው። ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤት ሰውን በቀለሙ ምክንያት እንዳይመልስ የሚከለክል ሕግ በ1872 እና በ1873 ወጥቷል፤ ማንም አልሻረውም፤ ዝም ብሎ መደርደሪያ ላይ ተረስቶ ነው የቀረው። አዲስ ሕግ አውጡልን አላሉም፣ ያላችሁን አክብሩ ነው ያሉት። ሰልፉና ከሱቁ አንገዛም ማለቱ ለወራት ቀጠለ። በጥር 1952 ሄክትስ ባንኮኒውን ለሁሉም ከፈተ። በ1953 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በሌላ ምግብ ቤት ጉዳይ፣ የተረሱት ሕጎች ይሠራሉ ብሎ ወሰነ።

ያ 7ኛው መንገድ ላይ ያለው ሕንፃ ዛሬ ቢሮ ነው። ስሙ ምን ቢባል ጥሩ ነው? ቴሬል ፕሌስ። በእሳቸው ስም። የሄክት ቤተሰብ ስም ሳይሆን ደጃፉ ላይ የተሰለፉት ሴትዮ ስም ነው በሩ ላይ የቀረው። እኔ በግሌ ከዚህ የተሻለ ሐውልት አይታየኝም።

(ምስል፦ የ1950ዎቹ መኪኖች። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ።)

ታዲያ ሱቁ ሲልቨር ስፕሪንግ ምን ሊሠራ መጣ? መኪና ተከትሎ ነዋ። ከጦርነቱ በኋላ ደሞዝተኛው ነጭ ቤተሰብ ከከተማ ወጣ፣ ቤት ገዛ፣ መኪና ገዛ። ኤፍ መንገድ ደግሞ መኪና ማቆሚያ የለም። ስለዚህ ሄክትስ በ1947 ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በአካባቢው ከከተማ ወጥተው ከተከፈቱት ትልልቅ ሱቆች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1951 አርሊንግተን፣ ቦልስተን ላይ፣ 2,000 ያህል መኪና የሚይዝ ባለ ፎቅ ማቆሚያ ያለው ፓርኪንግተን ተከፈተ። ስሙን አያችሁት? ፓርኪንጉ ራሱ ነው ማስታወቂያው! ዲሲ በ1950 802,000 ሰው ነበራት፤ በ2000 ወደ 572,000 ወርዳለች። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉ ጊዜ በተነሳው ረብሻ 7ኛው መንገድ ላይ ብዙ ሱቅ ተቃጠለ፣ ገበያውም ጭራሽ ወደ ዳር ሄደ።

ሦስተኛው ሰው የኛ ነው።

ከአብዮቱና ከቀይ ሽብር የሸሸው፣ በሱዳን አድርጎ የመጣው፣ በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር የከፈተለት። ብዙው መጀመሪያ ያረፈው አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው መንገድ አካባቢ ነበር። ሆቴል ይሠራል፣ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ታክሲ ይነዳል፣ ማታ ይማራል። ቀዩ መስመር ሜትሮ ከ1978 ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ይደርሳል፤ ኪራዩም ያኔ የሚቀመስ ነበር።

አክስቴ የገባችው በጥር ነው፣ ካርቱም ላይ በተገዛች ስስ ጃኬት። ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ከሚኖሩት አንዷ ናት ሄክትስ ይዛት የሄደችው፤ ከገና በኋላ ዋጋ ይጥላሉ ብላ። አክስቴ ስለ ፎቁ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሽቶው አታወራም። የምታወራው ሻጯ ካፖርቱን ከኋላዋ ይዛ ስታለብሳት እንዴት እንዳፈረች ነው። "እኔ ነኝ እንጂ ሰው የማለብሰው፣ ማን አልብሶኝ ያውቃል" ትላለች። ካፖርቱ ጥቁር ቡኒ ሱፍ ነው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት። ለሦስቱም ሆነ። ፈረቃቸው የተለያየ ስለነበር ጧት የወጣችው ለብሳው ትወጣለች፣ ማታ የምትሄደው ጠብቃ ትቀበላታለች።

ካፖርቱ ከነበረ ቆይቷል፣ የለም። ካርቶኑ ግን አለ። ጠፍጣፋ ነጭ ካርቶን ነው፣ ክዳኑ ላይ የሱቁ ስም ያለበት፣ አራቱም ማዕዘኑ ቢጫ በሆነ ፕላስተር የተያዘ። ውስጡ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ጠርዛቸው ቀይና ሰማያዊ የሆነ ፖስታዎች፣ የልጆቿ የክትባት ካርድ፣ ጊዜው ያለፈ የጉዞ ሰነድ፣ ሁለት ጥቁርና ነጭ ፎቶ። ሐበሻ ቤት ካርቶን እንደማይጣል ታውቃላችሁ። ቤት ስትቀይር ሁሌ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፣ ማንም እንዲሸከምላት አትፈቅድም።

ሌላም ነገር ነበር፣ ካርዱ። ባንክ ለአዲስ መጪ ክሬዲት ካርድ በቀላሉ አይሰጥም፤ የሱቅ ካርድ ግን ይቀላል። ለብዙ ስደተኛ የአሜሪካ የክሬዲት ታሪኩ የሚጀምረው ከሱቅ ካርድ ነው፤ ትንሽ ትገዛለህ፣ በሰዓቱ ትከፍላለህ፣ ከዚያ መኪና ይመጣል፣ ከዚያ ቤት። ወለድ የበላውም አለ፣ እሱን አንደብቅ።

(ምስል፦ የሲልቨር ስፕሪንግ ሕንፃ በተለያዩ ዘመናት።)

በ1987 ሄክትስ ጓዙን ጠቅልሎ ዊተን ሞል ገባ። ሕንፃው ባዶውን ቆመ። በ1992 ሲቲ ፕሌስ ሆኖ ተከፈተ፣ ብዙ ጊዜም ቀዝቀዝ እንዳለ ኖረ። የሰፈሩ ሰው ያማው ነበር። የኛ ሰው ግን ዋጋ ስለሚቀንስበት ይወደው ነበር፤ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ የሚሞላው ከየት ይመስላችኋል?

ሌሎቹን ቅርንጫፎች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። የቦልስተኑ ሞል ሆነ፣ ፈርሶ ተሠራ፣ አሁን ቦልስተን ኳርተር ይባላል። ከተማ መሃል በ1985 ሜትሮ ሴንተር ላይ አዲስ ተሠርቶ ነበር፤ ከባቡር ወርዳችሁ ብርድ ሳይነካችሁ ሱቁ ውስጥ ነበር የምትገቡት። አሌክሳንድሪያ ላንድማርክ ላይ ግን ትንሽ ቆሙልኝ፣ እዚያም ሐበሻ ብዙ ነውና። ላንድማርክ በ1965 ሄክትስን፣ ዉዲስንና ሲርስን ይዞ ተከፈተ። ሦስት ትልቅ ሱቅ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ያኔ ትልቅ ነገር ነው። በ2017 ሞሉ ተዘጋ። በ2018 ባዶውን ሱቅ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ አደረጉት፤ የራሱ ሕንፃ እስኪሠራለት ድረስ። ሞሉ ኋላ ላይ ፈረሰ፤ ቦታው ላይ ሆስፒታልና መኖሪያ ነው የታቀደው።

ስሙስ የት ሄደ? ዉዲስ ከስሮ በ1995 ተዘጋ። ሄክትስን በ1959 የገዛው ሜይ የሚባል ኩባንያ ነበር፤ በ2005 እሱን ራሱን የሜሲስ ሱቆች ባለቤት ፌደሬትድ ገዛውና በመስከረም 2006 ሄክትስን ጨምሮ በአገሪቱ ያሉት የሜይ ሱቆች አብዛኞቹ ሜሲስ ሆኑ። አንድ ስም፣ አንድ ማስታወቂያ፣ ወጪ ይቀንሳል። ቺካጎ ላይ እንዲሁ ስሙ የተቀየረው ሱቅ፣ የማርሻል ፊልድስ፣ ደንበኞች ሰልፍ ወጡ። ሜሲስ መጀመሪያ ላይ ኩፖኑን ቀነስ ለማድረግ ሞክሮ ደንበኛው ስላኮረፈ መልሶ ማብዛት ነበረበት። ስም ቀይሩብኝ ቅናሼን ግን አትንኩ ነው ነገሩ።

(ምስል፦ ኒው ዮርክ አቬኑ። የመስታወት ጡብ የለበሰ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ፣ ማዕዘኑ ላይ እንደ ኮከብ የሚያበራ ጉልላት።)

አንድ ሕንፃ ብቻ የሄክት ስም ሳይወርድበት ቀርቷል። ከዲሲ ወደ ባልቲሞር ስትነዱ በቀኝ በኩል የምታዩት መጋዘን ነው፣ የ1937። ደንበኛ ወንበርና ፍሪጅ ሲገዛ የሚጫነው ከዚያ ነበር። ቅርስ ተብሎ ስለተመዘገበ አልፈረሰም፤ ተከፋፍሎ አፓርትመንት ሆነ። ሶፋ በነፃ ያድርበት የነበረ ቤት ዛሬ ሰው ስንት እንደሚከፍልበት ከፈለጋችሁ ራሳችሁ እዩት፣ እኔ ዋጋውን አይቼ ገጹን ዘግቼዋለሁ።