ራኬት ሳይነኩ ቴኒስ ኤልቦ

[ጣና ዳር፣ ማለዳ። ዓሣ የሚበልት እጅ በቅርብ ይታያል።]

ይቺን እጅ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። የአክስቴ ናት። ባሕር ዳር ላይ ቆሮሶና አምባዛ ስትበልት ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። ባለፈው ክረምት ቡና ልትቀዳልኝ ጀበናውን ከፍ ስታደርግ "ኧረ እጄን!" ብላ ወዲያው መልሳ አስቀመጠችው። የሚገርመው በረካ ላይ ነበርን፤ ጀበናው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

"ቴኒስ ኤልቦ ነው" ሲሏት፣ የቴኒስ ክርን እንደማለት፣ ሳቀች። "እኔ ኳስ መቼ ነክቼ!"

ስሙ ነው አሳሳቹ። በ1883 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር በሚታተም የሕክምና መጽሔት ከቴኒስ ጋር ተያይዞ ወጣና በዚያው ቀረ እንጂ፣ ከሚያማቸው አብዛኞቹ ራኬት ይዘው አያውቁም፤ ታንኳ ቀዛፊ፣ ግንበኛ፣ ልብስ አጣቢ፣ ቀኑን ሙሉ ማውስ ላይ የሚውል የቢሮ ሰው።

እስቲ የክርናችሁን የውጭ በኩል ዳስሱ። ጎላ ያለች አጥንት አገኛችሁ? የእጅ አንጓን ቀና የሚያደርጉት ጡንቻዎች በጅማት የሚያያዙት እሷ ላይ ነው። አሁን ቡጢ ጨብጡና በሌላው እጃችሁ ክንዳችሁን ያዙት። ተወጠረ አይደል? የሆነ ነገር በጨበጥን ቁጥር አንጓችን እንዳይታጠፍ የሚይዙት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ቢላው፣ መቅዘፊያው፣ ጨርቅ መጭመቁ ሁሉ ያችን ጅማት ይጎትታል፤ ፋታ ካጣች ቃጫዎቿ እየተጎዱ ይሄዳሉ።

አክስቴ መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄደች። ወለምታ መስሎት በአውራ ጣቱ ሲያሻት ሳምንት ሙሉ ማንኪያ መያዝ አቃታት። ቀጥሎ መርፌ አማራት። የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንት ሕመሙን ጸጥ ያደርጋል፣ እውነት ነው፤ ግን በጥናት ሲታይ ከዓመት በኋላ የተወጉት ካልተወጉት ብሶባቸው ተገኝቷል። እኔ ብሆን አልቸኩልም።

የረዳት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው።

[ሃይላንድ የጨበጠ እጅ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ።]

ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉ፤ መዳፋችሁ ወደ ታች፣ እጃችሁ ከጠርዙ ወጣ ይበል። በሌላው እጅ እያገዛችሁ ሃይላንዱን ወደ ላይ አንሱ። ከዚያ እገዛውን ልቀቁና እስከ 5 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ አረፍ እያላችሁ 3 ዙር፣ በየቀኑ። ትንሽ ቢያም ችግር የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ብሶ ካደረ ግን ውሃውን ቀንሱለት። ቢላችሁንም አስሉ፣ ደነዝ ቢላ አጥብቆ ያስጨብጣል። ዕቃ ስታነሱ መዳፋችሁ ወደ ላይ ይሁን።

እጃችሁ ከደነዘዘ፣ ሕመሙ ከአንገት ከወረደ፣ ወይ ክርኑ አብጦ ካተኮሳችሁ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይያችሁ። አለበለዚያ ታገሡ፤ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና በዓመት ውስጥ ይሻለዋል።

ትናንት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ሃይላንዷን ስታነሳ ስታወርድ ያያት ደንበኛ፣ "እማማ፣ ውሃውን አይጠጡትም እንዴ?" አላት።

"ለክርኔ ነው" አለችው፣ ቆጠራው እንዳይጠፋባት ቀና ሳትል።