«እኔ እኮ አጫሽ አይደለሁም»

እሷ፦ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለንም፣ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ርዕሱም እኛው ነን።

እሱ፦ ርዕሱ አንቺ ነሽ።

እሷ፦ ኧረ ባክህ! ድሮ ቀረጻ እያስቆምክ «አንዴ ንፋስ ልቀበል» እያልክ ትወጣ የነበረው ማን ነው? ንፋስ ተቀብለህ ስትመለስ እኮ ክፍሉ በሙሉ መተርኮሻ መተርኮሻ ነበር የሚሸተው።

እሱ፦ (ሳቅ) እሺ አመንኩ። ግን እኔ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንቺ ደግሞ ባለፈው ሰው ሁሉ ፊት «እኔ ሲጋር እንጂ ሲጋራ አልነካም፣ አጫሽ አይደለሁም» ስትይ ሰማሁሽ፣ ሲጋር ማለትሽ ያ በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለው ወፍራሙ ነው፣ እዛው ነው ርዕሱን የያዝኩት። ያቺን አባባል በደንብ አውቃታለሁ፣ ለአስራ አንድ ዓመት የኔ ነበረች።

እሷ፦ የምን የአንተ? አንተ እኮ በግልጽ ነበር የምታጨሰው።

እሱ፦ አጨስ ነበር፣ አጫሽ ግን አልነበርኩም። ገባሽ? ህግ ነበረኛ። መጀመሪያ ህጉ ፓኮ አልገዛም ነበር፣ ጓደኛ ከያዘ አንድ ፍሬ እቀበላለሁ ካልያዘ ይቅር፣ አጫሽ ማለት ፓኮ የሚገዛ ሰው ነው። ከዛ ጓደኞቼ ከሩቅ ሲያዩኝ ኪሳቸውን መያዝ ሲጀምሩ አፈርኩና መግዛት ጀመርኩ፣ ህጉም ተቀየረ፣ ሳይመሽ አላጨስም ሆነ። ከዛ ከምሳ በፊት አላጨስም። ከዛ ቤት ውስጥ አላጨስም፣ በረንዳ ላይ ብቻ። ብርድ ሲሆን ደግሞ በረንዳው በር ላይ እቆማለሁ፣ እኔ ውስጥ እጄ ውጭ፣ እንግዲህ ያም ውጭ ነው ተብሎ ነው።

እሷ፦ ጭሱስ?

እሱ፦ ጭሱማ ህጉን የት ያውቀዋል፣ ዞሮ ሳሎን ይገባል።

እሷ፦ በቀን ስንት ደርሰህ ነበር?

እሱ፦ አስር። «አስር ብቻ» ነበር የምለው፣ ሃያ ለሚያጨስ ጓደኛዬ ከልቤ እያዘንኩለት። በኋላ አንድ መጠይቅ ሞላሁ፣ ፋገርስትሮም ይባላል፣ የኒኮቲን ሱስ ምን ያህል እንደያዘሽ የሚለካ ነው፣ ስድስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። እኔ መጀመሪያ በቀን ስንት ታጨሳለህ የሚለኝ መስሎኝ «አስር» ልል ተዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ከእንቅልፍህ በነቃህ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያዋን የምትለኩሰው ነው የሚለው። አምስት ደቂቃ ካልሞላሽ ሦስት ነጥብ፣ ከዚያች ጥያቄ የሚገኘው ከፍተኛው።

እሷ፦ አንተስ?

እሱ፦ እኔ እኮ ዓይኔን ሳልገልጥ ነው ላይተር የምዳብሰው! እና ቁጭ ብዬ አሰብኩ፣ ይሄ ሁሉ ህግ ያወጣሁት ስለ ብዛት፣ ስለ ቦታ፣ ስለ ሰዓት ነው፣ ሰውነቴ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀኝ ነው የሚያድረው። ኒኮቲን ደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሰባት ስምንት ሰዓት ተኝተሽ ስትነሺ ባዶ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀርሽ፣ አራራው ነው የሚቀሰቅስሽ። ያቺ «የጠዋቷ ሲጋራ ትጣፍጣለች» የሚባለው ነገር በቃ እሱ ነው፣ የሚጣፍጠው ስቃዩ ሲቆም ነው። ጠባብ ጫማ ስታወልቂ ደስ እንደሚልሽ።

እሷ፦ ግን ያረጋጋል ይላሉ። እኔም ሳይህ የምትረጋጋ ትመስለኝ ነበር፣ ተናደህ ትወጣለህ ሰው ሆነህ ትመጣለህ።

እሱ፦ ያናደደኝ እኮ ራሱ ነው! ከሳብሽው በኋላ አስር ሃያ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ጭንቅላት ይደርሳል፣ አራራው ይበርዳል፣ አንቺ ተረጋጋሁ ትያለሽ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ያው። ቤት እያቃጠለ ውሃ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት በይው።

እሷ፦ እሺ፣ እንግዲህ አሁን አንተው ራስህ ነገርከኝ የኔና ያንተ ልዩነቱን። እኔ ጠዋት ተነስቼ ምንም አልዳብስም። በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፣ ቅዳሜ ማታ፣ አንዳንዴ ወር ይሆነኛል። አራራ የሚባል ነገር አላውቅም።

እሱ፦ ይሄ እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። ቀጥይ።

እሷ፦ ደግሞ ሲጋር ሌላ ነገር ነው፣ ሲጋራ ቆመህ ታጨሳለህ እየሮጥክ ታጨሳለህ ስልክ እያወራህ ታጨሳለህ፣ ሲጋር ግን ያስቀምጥሃል። የእንጨት ሳጥን አለኝ ታውቃለህ፣ ውስጡ እርጥበት መለኪያ አለው፣ ከ65 እስከ 70 በመቶ መሆን አለበት፣ ካነሰ ቅጠሉ ይደርቅና ሲነካ ይሰነጠቃል፣ ከበዛ ይሻግታል። አውጥቼ መጀመሪያ ጆሮዬ ጋር አድርጌ በጣቴ ጫን ጫን አደርገዋለሁ፣ ደረቅ ከሆነ ይንኮሻኮሻል። ከዛ ጫፉ ላይ ያለችውን ቆብ፣ ትንሽ ብቻ፣ በመቁረጫ ቁርጥ። ስለኩሰው እሳቱን አላስነካውም፣ ከእሳቱ ከፍ አድርጌ እያዞርኩ ዙሪያውን እኩል እስኪቀላ። ከዛ አንድ ሰዓት በቃ ቁጭ። አመዱ እንኳን አይራገፍም፣ ራሱ እስኪወድቅ ትጠብቀዋለህ። ሲያልቅም አትደፈጥጠውም፣ መተርኮሻው ላይ ተወት ስታደርገው ራሱ ይጠፋል።

እሱ፦ እህቴ፣ ስትናገሪ ፊትሽን ብታዪው! እኔ ስለ ሚስቴ እንደዚህ ተናግሬ አላውቅም።

እሷ፦ (ሳቅ) ሥርዓት ነው ልልህ ነው። ደግሞም አልውጠውም። ጭሱ አፍ ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ሳንባዬ ጋር አይደርስም።

እሱ፦ እዚህ ጋ ነበር እኮ የምጠብቅሽ። መጀመሪያ ስታጨሺ ምን ሆንሽ?

እሷ፦ …ራሴን አዞረኝ። አላበኝ። ወንበሩን ይዤ ነው የተቀመጥኩት።

እሱ፦ ካልዋጥሽው ያዞረሽ ምንድነው?

እሷ፦ ሽታው መስሎኝ ነበር።

እሱ፦ ኒኮቲን ነዋ! የሲጋራ ጭስ ወደ አሲድነት ያደላል፣ አፍ ውስጥ ኒኮቲኑ እንደልብ አይሰርግም፣ ስለዚህ የግድ ወደ ሳንባ መሳብ አለበት። የሲጋር ቅጠል ግን አዘገጃጀቱ ሌላ ስለሆነ ጭሱ አልካላይን ነው፣ የአሲድ ተቃራኒ፣ ባትውጪውም በጉንጭሽ በምላስሽ ስር ይገባል። መጠኑን ደግሞ እይው፣ አንድ ሲጋራ ውስጥ ያለው ትምባሆ አንድ ግራም ቢሞላ ነው፣ አንዳንዱ ትልቅ ሲጋር ብቻውን የአንድ ፓኮ ትምባሆ ይይዛል። ፊልተርም የለውም። ፊልተር ስልሽ ደግሞ እሱም ጉድ ነው፣ የሲጋራ ፊልተር ጥጥ የሚመስለኝ ነበር፣ ለካ ፕላስቲክ ነው።

እሷ፦ ቆይ ቆይ፣ ላይቱ ግን? አንተ «ላይት ነው፣ ቀላሉን ነው የማጨሰው» ትል አልነበር?

እሱ፦ ኧረ ተይኝ። እሱም አንዱ ህጌ ነበር። ላይት የሚያደርገው ፊልተሩ ዙሪያ ያለች ጥቃቅን ቀዳዳ ናት፣ በማሽን ሲለኩት አየር ይገባና የኒኮቲኑ ቁጥር ዝቅ ይላል፣ ሰው ሲያጨሰው ግን ቀዳዳውን በጣቱ በከንፈሩ ይደፍነዋል፣ አልበቃ ሲለው ደግሞ ሳብ ያደርገዋል በኃይል። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ 2010 ላይት ማይልድ የሚለውን ስም ፓኮው ላይ እንዳይጻፍ ከለከሉ። እኔ ከዛ በኋላም በፓኮው ቀለም እየመረጥኩ ነጩ ቀላል ነው እል ነበር።

እሷ፦ እሺ የሲጋሩን ተቀበልኩ እንበል። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ሰው የሚያየኝ ዓይን። ሲጋራ የያዘ ሰው ሲያዩ «ምስኪን፣ ሱስ ይዞት» ይላሉ፣ ሲጋር የያዘ ሲያዩ «ተሳክቶለታል» ይላሉ። ልጅ የወለደ ሲጋር ይሰጣል፣ ያሸነፈ ሲጋር ይለኩሳል። ሴት ስትይዘው ደግሞ ሌላ ትርዒት ነው፣ አንዱ ሊያስተምረኝ ይመጣል፣ አንዱ ፎቶ ላንሳሽ ይላል፣ ሲጋራ ይዤ ቢሆን ግን ያው ሰውዬ ነው «አንቺን አያምርብሽም» የሚለኝ። እና እውነቱን ልንገርህ፣ ይሄ ነገር ደስ ይለኝ ነበር። ሳጥኑን ለሰው ማሳየት ደስ ይለኛል።

እሱ፦ እና ሳጥኑን ነው የምታጨሺው።

እሷ፦ ግማሹን ሳጥኑን ነው (ሳቅ)።

እሱ፦ ግን እኮ ሲጋራ የደሃ መሆኑ ሌላ ምክንያት የለውም፣ ማሽን ነው። ድሮ ሲጋራ በእጅ ነበር የሚጠቀለለው፣ በፈረንጆቹ 1880ዎቹ ቦንሳክ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ የሰራው ማሽን ግን በቀን መቶ ሃያ ሺህ ያህል ፍሬ ያወጣ ነበር። ከዛ ነው እንደ ማስቲካ የሆነው። ሲጋር ደግሞ ውዱ አሁንም በእጅ ስለሚጠቀለል ክብሩ አልሄደም። ቅጠሉ ግን ያው ትምባሆ ነው፣ እሳት ካየው ምን ለየው።

እሷ፦ ያንን የሥነ ልቦናውን ሰው ፍሮይድን አታንሳብኝ ብቻ።

እሱ፦ ላነሳው ነበር!

እሷ፦ አውቄሃለሁ፣ ስለዚህ እኔ ራሴ ላንሳው። አንብቤዋለሁ፣ በቀን ሃያ ሲጋር ያጨስ ነበር፣ በፈረንጆቹ 1923 አፉ ውስጥ ካንሰር ተገኘበት፣ ከዛ እስኪሞት በ1939 ድረስ ከሰላሳ ጊዜ በላይ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ የመንጋጋውና የላንቃው ከፊል ወጥቶ ሰው ሰራሽ ነገር ገባለት። እና በዛ ሁሉ መሃል አጨሰ። የሰውን ልጅ አእምሮ ሲመረምር የኖረ ሰው ነው እንግዲህ። ግን እሱ በቀን ሃያ ነው! እኔ በወር ሁለት ነኝ!

እሱ፦ «አስር ብቻ ነኝ»።

እሷ፦ …ውይ። (ረጅም ሳቅ) አይ አንተ። አይደለም ግን፣ በወር ሁለትና በቀን አስር አንድ አይደለም፣ ይሄን ሰርቀህ እንዳታልፍ።

እሱ፦ አንድ አይደለም፣ እሺ። በቀን አንዲት ሲጋራ ብቻ ስለሚያጨሱ ሰዎች በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ጥናት አለ፣ በልብ በሽታ በኩል ያለው ተጨማሪ አደጋ ሃያ ከሚያጨሰው ግማሽ ገደማ ነው ይላል፣ ሰው ግን አንድ ሃያኛ ይሆናል ብሎ ነው የሚገምተው። ግን እሱ በየቀኑ ነው፣ ሲጋራም ነው፣ አንቺ ላይ አልቆጥረውም። እኔ አንቺን የምልሽ ስለ ብዛቱ አይደለም፣ ስለ «አይደለሁም» ነው።

እሷ፦ ይሁን። አንተ እንዴት ተውከው ታዲያ፣ እሱን ተናገር።

እሱ፦ አራት ጊዜ። ሦስተኛውን ልንገርሽ፣ ጀግና ልሆን ብዬ አንዲት ሲጋራ መኪናዬ ውስጥ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጥኩ፣ እያየኋት አልነካትም፣ ፈቃደ ጽኑ ነኝ። ስምንት ወር! ወረቀቷ ቢጫ ሆነ፣ ትምባሆው ደርቆ እየረገፈ ግማሿ ባዶ ነው። አንድ ቀን መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ፣ አለቃዬ ደውሎ ጮኾብኝ ዘጋ፣ ያቺን ባዶ ነገር ለኮስኳት። ወረቀቱ ቦግ ብሎ ቅንድቤን ለበለበኝ፣ ጣዕሟ የተቃጠለ ጋዜጣ ነው፣ እና ታምኚኛለሽ፣ መኪናውን ጠርዝ አስይዤ ፓኮ ገዛሁ።

እሷ፦ በስምንት ወርህ!

እሱ፦ በስምንት ወሬ። አራተኛው ላይ ነው ሐኪም ጋ የሄድኩት፣ በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲንና ማስቲካውን አንድ ላይ ሰጠኝ፣ እኔ ያ የደካማ ነገር ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነገር ነበር፣ ሳቆም ሁለት ቡና ስጠጣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ የለም፣ ሲጋራው ናፍቆኝ ነው ብዬ ልጀምር ደርሼ ነበር። ለካ የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፣ ጭሱ ሲቀር ያው ሁለት ስኒ ሰውነትሽ ውስጥ አራት ይሆናል። ቡናውን በግማሽ ስቀንስ ተረጋጋሁ። ይሄን አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ሦስቱ ሙከራ ላይ ይጠቅመኝ ነበር።

እሷ፦ አሁን አያምርህም?

እሱ፦ ያምረኛል እንጂ። ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው፣ ተነስቼ ጥርሴን ስቦርሽ ያልፋል፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ናቸው የከፉት። የእንግሊዝ ሐኪሞችን ሃምሳ ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ፣ ሪቻርድ ዶል የሚባለው ሰው የጀመረው፣ እሱ ራሱ አጫሽ ነበር በገዛ ምርመራው ውጤት ደንግጦ ነው የተወው። እና በፈረንጆቹ 2004 ሲያወጡት በ30 ዓመቱ ያቆመ ሊያጣው የነበረውን አስር ዓመት ገደማ በሙሉ ይመልሳል፣ በ40 ያቆመ ዘጠኝ፣ በ50 ስድስት፣ በ60 ሦስት ይላል። እኔ በ39 ነው ያቆምኩት። ዘጠኟ ላይ ለጥቂት ደረስኩባት።

እሷ፦ ደስ ይላል። እኔ እንግዲህ እዚህ ማይክ ላይ ምንም ቃል አልገባም፣ ከገባሁ ታስቆጥረኛለህ። አራት ፍሬ ነው የቀረኝ፣ እነሱ ሲያልቁ ሌላ አልገዛም ብዬ ግን እያሰብኩ ነበር፣ አንተ ይሄን ርዕስ ሳታመጣ በፊት ነው ደግሞ።

እሱ፦ ሳጥኑስ?

እሷ፦ ሳጥኑ ምን ሆነ?

እሱ፦ እርጥበቱ።

እሷ፦ …ትናንት ማታ ውሃ ሞላሁት።

እሱ፦ (ሳቅ)

እሷ፦ አትሳቅ! ዝጋው፣ ዝጋው ማይኩን።