ጨርቁ ውሃ አይመጥም፤ ተሸውጄ ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ሰዓት ስለ ቤት ጽዳት ዕቃ የደወላችሁ ብዙ ናችሁ። ደጋግማችሁ ያነሳችኋቸውን መርጬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ «ማይክሮፋይበር ነው» ተብዬ መርካቶ ስድስት ጨርቅ ገዛሁ። ውሃውን ይገፋዋል እንጂ አይመጥም። ተሸውጄ ነው ወይስ አጠቃቀሙን ስላላወቅኩበት?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እንለየው። ማይክሮፋይበር የሚሠራው ከፖሊስተርና ከናይሎን ነው። ብዙ ጊዜ 80 በመቶው ፖሊስተር፣ 20 በመቶው ናይሎን ነው። ዋናው ነገር ግን ክሩ ፋብሪካ ውስጥ መሰንጠቁ ነው። አንዷ ቀጭን ክር በጣም ወደ ቀጫጭን ስንጣሪ ትለያያለች፤ ውሃውንና አቧራውን የሚይዘው በስንጣሪዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ነው። ያልተሰነጠቀው ከተራ ፖሊስተር አይለይም። ውሃውን ከዚህ ወደዚያ ሲነዳ ይውላል።

ሱቅ ቆመሽ መፈተን ትችያለሽ። እጅሽን በጨርቁ ላይ ቀስ አድርገሽ ሳቢው። ደህናው የጣትሽን ሻካራ ቦታ ያዝ ያዝ ያደርገዋል። ልብስ አጥባ የመጣች ሴት ወዲያው ታውቀዋለች። ያልተሰነጠቀው ልስልስ ብሎ ያልፋል። ነጋዴው ከፈቀደልሽ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርገሽ አንዴ ጥረጊበት።

ቤት ያሉትን ግን ቶሎ አትጣያቸው። በልብስ ማለስለሻ አጥበሻቸው ከሆነ ማለስለሻው ክሩን ይሸፍነውና ውሃ አላስገባ ይላል። እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ደጋግመሽ እጠቢያቸው፤ በደንብ አለቅልቂ። ከፎጣ ጋር አትዘፍዝፊያቸው፤ የፎጣውን ብናኝ ሁሉ ይሰበስባሉ። በረኪና አይንካቸው፣ አይቀቀሉ፣ አይተኮሱ። ከዚህ ሁሉ በኋላም እምቢ ካሉ፣ አዎ፣ ተሸውደሻል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ማይክሮፋይበሩን ለመስታወት፣ ለቴሌቪዥንና ለአቧራ ነው የምፈልገው። ለወለልና ለኩሽና አቡጀዲ ይሻለኛል። ይቀቀላል፤ ነጭ ስለሆነ በረኪናም ይችላል። አዲሱ አቡጀዲ ግን ማጠንከሪያ ስለተቀባ መጀመሪያ ላይ ውሃ አይወስድም፤ ሁለት ሦስቴ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ያረጀ የጥጥ አንሶላና ካናቴራም ያው ነው። ሰልባጅ ገዝተሽ ጥጥ መሆኑን ከተጠራጠርሽ ከጫፉ አንድ ክር መዝዘሽ በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ እንደተቃጠለ ወረቀት ይሸትና አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ሻጩ ፊት ባታደርጊው ደግ ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ የሽንት ቤቱ ሴራሚክ ቢጫ ሆኖ እምቢ ሲለኝ በረኪናውንና አሲዱን አንድ ላይ ደፋሁበት። ጉሮሮዬን ዘግቶኝ እየሳልኩ ወጣሁ። መጠኑ በዝቶ ነው?

መልስ፦ የመጠን ጉዳይ አይደለም ወንድሜ፤ አንድ ላይ መደፋታቸው ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ከአየር ይከብዳል። መስኮት በሌላት ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ታች ይተኛል፤ አጎንብሶ የሚፈትግ ሰው አፍንጫው እዚያው ነው። አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር ሌላ መርዛም ጋዝ ያወጣል። ሳሉ ካልተወህ ወይም ደረትህን ከያዘህ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ።

ቢጫው ውሃ የሚተወው ኖራ ከሆነ ደግሞ በረኪናው በከንቱ ነው የፈሰሰው። በረኪና ጀርም ይገድላል፣ ያነጣል፤ ኖራ ግን አያሟሟም። እሱ የአሲድ ሥራ ነው። አሲዱን ብቻ ተጠቀም፣ በብዙ ውሃ አለቅልቅ፣ በረኪናውን ለሌላ ቀን አቆየው። አሲዱ ሊሾ ወይም እብነበረድ ላይ እንዳይፈስ፤ ይበላዋል።

መጠን ካነሳህ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ይላል። አስቀድመህ በሳሙና እጠብ፤ ቆሻሻ ላይ የተደፋ በረኪና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። 10 ደቂቃ ይቆይና ይለቅለቅ። የተረፈውን ለነገ አታሳድረው።

በነካ እጄ፣ በሃይላንድ እየተቀዳ የሚሸጠው በረኪና በጣም ያናድደኛል። ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል። አዋቂም ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ያነሳዋል። የጠጣ ሰው ካለ አታስመልሱት፤ ሲወጣም ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡትና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ቤቴ የድሮ ነው፤ ወለሉ ጣውላ። የምታግዘኝ ልጅ ውሃ በባልዲ እየደፋች ነው የምትወለውለው። ተዪ ስላት «አለዚያ አይጸዳም» ትለኛለች።

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ጣውላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ በመጥረጊያ ይጠረግ፣ ቀጥሎ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ። ጨርቁ ሲያነሱት ጠብ የሚል ካለው ገና አልተጨመቀም። በረኪና ጣውላ ላይ አይደፋም።

ልጅቷም ግን ያለ ምክንያት አላለችም። በአንድ ባልዲ ስትሠራ ያነሳችውን ቆሻሻ መልሳ ትቀባዋለች። ሁለት ባልዲ ይስጧት፤ አንዱ ለሳሙናው፣ አንዱ ለማለቅለቂያው። ውሃው በፈረቃ ከሆነ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይሞሉ።

ጥያቄ (ከልደታ ኮንዶሚኒየም)፦ በክረምት የኩሽና ጨርቄ ይሸታል። በየቀኑ አጥበዋለሁ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳይደርቅ ስለሚያድር ነው። ቧንቧው አንገት ላይ ጠቅልለሽ አትተዪው፤ ዘርጊው። የጥጥ ከሆነ በሳምንት አንዴ በኦሞ 10 ደቂቃ ይፍላ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቁጥሩን አብዢ፤ የጠዋቱ ሳይደርቅ ለማታ ሌላ ይውጣ። የሽንት ቤቱ ጨርቅ እንዳይቀላቀል ጥጉን በመቀስ ቁረጪው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስፖንጅ ከሸተተ ይጣል።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ማይክሮፋይበር ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል?

መልስ፦ በፍጹም። የጋለ ምጣድ ላይ ይቀልጥና ከእንጀራው ጋር ትበይዋለሽ። ማሰሻ የጥጥ ብቻ ነው፤ ጎመን ዘሩንም በደንብ የሚይዘው እሱ ነው። ያረጀ ነጠላ ካለሽ ይሆንሻል፤ ጥለቱን ግን ቆርጠሽ አውጪ፣ የጥለቱ ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው።