«እኔ እያለሁ?»

ሰላም። እሺ፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ዛሬም መኪና ውስጥ ነኝ። የዶርሜ ፍሪጅ አልሞተም፣ ባለፈው ሲያቃስት የሰማችሁት ማለት ነው። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ጋቢ ደርቤ ቁጭ ብያለሁ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ያየኛል። ይየኝ።

ስለ ፈተናዬ ላወራችሁ ነበር። ተዉት። እሁድ እማዬ ጋ ደውዬ ነበር።

ታሪኬን ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። አባዬ፣ ሆስፒታሉ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ከዚያ እትዬ ቤት። ለአዲሶች፦ እትዬ ፍርድ ቤቱ ቤቷ ያስገባኝ ሴትዮ ናት፣ አሜሪካዊት። እትዬ መሆኗን አታውቅም። [ሳቅ]

የፋፍሳ ሰሞን ነው፣ የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበት የመንግሥት ፎርም። እዚያ ፎርም ላይ አንድ ጥያቄ አለች። 13 ዓመት ከሞላሽ ወዲህ፣ መቼም ይሁን መቼ፣ ወላጅ አልባ ነበርሽ? ፎስተር ኬር፣ ማለት መንግሥት ሰው ቤት አስቀምጦሽ ነበር? ዋርድ ኦፍ ዘ ኮርት ነበርሽ? ዋርድ ኦፍ ዘ ኮርትን በአማርኛ ስታስቡት ምንድን ነው? «የፍርድ ቤት ልጅ»? አባቴ ዳኛ፣ እናቴ ፋይል። እና አዎ ካላችሁ የወላጅ ገቢ የሚባለው ክፍል በሙሉ ይቀርላችኋል። ያቺ የማውቃት ልጅ አባቷን ታክስ ወረቀት ስጠኝ እያለች ወር ሙሉ ትለምነዋለች፣ እሱ ደግሞ መንግሥት ሊሰልለኝ ነው ይላል። እኔ ሻይ ሳይበርድ ጨርሻለሁ። «ታድለሽ» አለችኝ።

ታድዬ።

የት ነበርኩ? እሁድ። እሷ ጋ ማታ ነው፣ ደሴ። ቲቪው ይሰማል። ትምህርት እንዴት ነው፣ ደህና፣ በላሽ ወይ፣ በላሁ። ከዚያ ድንገት «የትምህርቱን ማነው የሚከፍልልሽ?» አለችኝ። እስከዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም ነግሬያት አላውቅም። «መንግሥት» አልኳት። «ስንት?» አለች። እኔ ሞኟ ዘረገፍኩት። ፔል ግራንት አለ፣ የማይመለሰው የፌዴራል እርዳታ፣ ሜሪላንድ ደግሞ የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያውን ምሮኛል፣ በዚያ ላይ ጨፌ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር።

ጨፌ የምለው ቼፊን ነው፣ ታውቃላችሁ። ጆን ቼፊ የሮድ አይላንድ ሴናተር ነበር። ከፎስተር ኬር ለሚወጡ ልጆች የወጣው፣ በስሙ የተጠራው ሕግ የተፈረመው በ1999 በፈረንጆቹ ነው፣ እሱ ከሞተ ከሳምንታት በኋላ። የትምህርት ብሩ በኋላ ነው የተጨመረበት። ሰውየው እኔን አያውቀኝም፣ እኔ ግን ባለፈው ዓመት ሻማ ላበራለት ምንም አልቀረኝም። 26 ዓመት ሲሞላሽ ግን ያበቃል። ከአምስት ዓመትም አያልፍም። እዚች አገር የልደት ኬክ የምፈራው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እና እማዬ በብር መታችው። በልቧ ስታሰላ ይሰማኛል፣ ትንፋሿ ይለወጣል። «ይሄን ሁሉ? ለምን?»

ለምን አለችኝ።

«ማደጎ ስለነበርኩ።»

ቃሉ ከአፌ ወጣ። ማደጎ። ዝም አለች። ቲቪው ያወራል። ማንኪያ ሲኒ ሲነካ ሰማሁ፣ አንዴ፣ ከዚያ ቆመ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፣ ሰከንዱ ይቆጥራል። ከዚያ፣

«እኔ እያለሁ?»

በቃ። ይቺን ብቻ። ቀጥላ «አብሽሪ፣ በርትተሽ ተማሪ» አለችኝና ስለ ጎረቤት ሰርግ ጀመረች። እኔም ሙሽራዋ ማናት አልኩ። ምን ነካኝ? ሙሽራዋ ማን እንደሆነች እስካሁን አላውቅም።

ሰኞ ሻወር ውስጥ «አሳዳጊ ቤት» ማለት እችል ነበር ብዬ አሰብኩ። አሳዳጊ ጥሩ ቃል አይደል? ማደጎ ሲባልማ ልጁ ተሰጠ ነው። እሷ ደግሞ የሰፈር ልጅ በጉዲፈቻ ወደ ፈረንጅ አገር ሲሄድ አይታለች፣ በ2018 በፈረንጆቹ ፓርላማው ከመከልከሉ በፊት። ያንን ነው የሰማችው። ልጄን ሰጠሁ ወይ?

አሁን ደግሞ ድምጿን በራሴ ውስጥ እየደጋገምኩ እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ቁጣ መሰለኝ። ማክሰኞ ሐፍረት መሰለኝ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዝም ብሎ ጥያቄ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ። እኔ ደግሞ ስለ ሙሽራ ጠየቅኋት።

የሚገርማችሁ፣ እማዬ ራሷ ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ነው ያደገችው። ማደጎ ያላት ሰው የለም። ዳኛ ፊት አልቆመችም። አክስቷ ጋ አደገች፣ አለቀ። እዚህም ቢሆን እንደዚያ ያደጉ ልጆቻችን አሉ። አንዱን አውቀዋለሁ፣ ቨርጂኒያ፣ አጎቱ አንስቶ ያሳደገው። ፍርድ ቤት ያለፈበት ወረቀት የለም። ስለዚህ ያቺን ጥያቄ አዎ ማለት አይችልም፣ የአባትህን ገቢ አምጣ ይሉታል። አባቱን የት አባቱ ያግኘው? [ሳቅ] ይቅርታ፣ አያስቅም።

ግን ገባችሁ? እኔንም እንደዚያ ያለ ፍርድ ቤት ዘመድ ቢያነሳኝ ኖሮ ጨፌ የለም። የሚከፈልልኝ ማንም ስላላነሳኝ ነው። እና ዘመድ አልነበረም እንዳልል፣ ነበረ። እማዬ ሁሉንም በስም ታውቃቸዋለች። ምናልባት «እኔ እያለሁ» ያለችው ለነሱ... አላውቅም። እየተረጎምኩላት ነው። ልተወው።

እትዬ ደግሞ ትናንት ቴክስት ላከች። ዶርሙ ዲሴምበር ላይ ሲዘጋ መቼ ነው የምትመጪው፣ አንሶላ አጥቤያለሁ ብላ። ከኔ አሁን ሳንቲም አታገኝም እኮ፣ የመንግሥቱ ክፍያ ከቆመ ቆይቷል። አንሶላ ታጥባለች። ይሄንን ለእማዬ ብነግራት ደስ ይላት ይሆን ወይስ... እሱም ይከብዳል።

ኮሌጁ ደግሞ ደብዳቤውን ዘንድሮም አምጪ ብሎኛል፣ ፎስተር ነበረች የሚለውን። አምና ሰጥቻቸዋለሁ። ዘንድሮ ሌላ ልጅነት ያሳለፍኩ ይመስል። ትናንት ከፍቼ አነበብኩት። አንድ ገጽ ነው፣ ማኅተም አለው። ስሜ አለ፣ የገባሁበት ቀን አለ። የእናት ስም የለም። መኖር ነበረበት አልልም፣ ፎርም ነው። ግን ፈለግኩት።

እሁድ መደወሌ አይቀርም። «እማዬ፣ ብድር ነው» ልላት አስቤያለሁ። ብድር ይገባታል። ለብድር ማንም አይሸማቀቅም። ግን መቼ ነው የምትመልሽው ብላ በየሳምንቱ ልትጨነቅ ነው። ከዚያ በየወሩ ከዚያች ከጡረታዋ ቆንጥራ... ኧረ ታደርገዋለች።

ቆይ፣ ጥበቃው ባትሪ እያበራብኝ ነው። እሺ ጌታዬ፣ እሺ። መጣሁ፣ ላንቀሳቅሳት...